የኮከብ ደረጃና የሰው ነጥብ፦ ሕግ መቆጣጠር ያለበት ማንን ነው?

ባለ ማረፊያው (ክሩን የከፈተ)

የተከበራችሁ ተሳታፊዎች፣

በሀዋሳ ከተማ ከሐይቁ ብዙም ሳይርቅ አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ አስተዳድራለሁ። ይህን ውይይት የከፈትኩት በቅርቡ በቴሌግራም የደረሰኝ መልእክት ስላሳሰበኝ ነው። ላኪው ማንነቱን ሳይገልጽ፣ በካርታ መተግበሪያ ላይ ለማረፊያዬ ባለ አምስት ኮከብ አስተያየቶችን በብዛት እንደሚያስገባልኝ፣ ክፍያውን በቴሌብር እንደሚቀበል፣ ብፈልግ ደግሞ ለተፎካካሪዬ ባለ አንድ ኮከብ አስተያየት በዚያው ዋጋ እንደሚያዘጋጅልኝ ጽፎልኛል። ያስደነገጠኝ ሁለተኛው አቅርቦት ነው፤ ለእኔ እንዲህ ያለ ሰው ስለ እኔ ለጎረቤቴ እንዲሁ ማለቱ አይቀርምና።

ከዚያ በኋላ በአካባቢያችን ያለ የአንድ ማረፊያ ገጽ ላይ የሰፈሩትን አስተያየቶች ረጋ ብዬ አነበብኩ። «ምርጥ ቦታ ነው፤ አገልግሎታቸው ይለያል» የሚሉ፣ እስከ ነጠላ ሰረዛቸው አንድ የሆኑ ጽሑፎች በአንድ ሌሊት ተከታትለው ገብተዋል። ከጻፉት መለያዎች አንዱን ስከፍተው በዚያው ዕለት በሌላ አህጉር የሚገኝ የጥርስ ሐኪምና የጎማ መሸጫ አመስግኗል። ሀዋሳ አድሮ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ጥርሱን አሳክሞ ጎማ የገዛ ሰው በእውነት ብርቱ መንገደኛ ነው።

በ2007 ዓ.ም. የባህልና ቱሪዝም ሚኒስቴር ከዓለም ቱሪዝም ድርጅት ጋር በመሆን ሆቴሎችን በኮከብ መመደብ ሲጀምር መዛኙም መመዘኛውም የታወቁ ነበሩ፤ ቅር የተሰኘ ሆቴልም የሚጠይቀው አካል ነበረው። ዛሬ ግን ለስብሰባም ሆነ ለዕረፍት ወደ ሀዋሳ የሚመጣው እንግዳ ከመነሳቱ በፊት በስልኩ የሚያየው ሌላውን ኮከብ ነው፤ እሱን ማን እንደሰጠው፣ ማን እንደደመረው፣ ቅሬታ ያለው ሰው ወዴት እንደሚሄድ የሚነግረን የለም። ስለዚህ ጥያቄዬ፣ ሕግ በዚህ ጉዳይ ላይ ይግባ ከተባለ መቆጣጠር ያለበት አስተያየት ሰጪውን ነው፣ ነጋዴውን ነው ወይስ ኮከቡን የሚሰበስበውን መድረክ ነው?

ጠበቃ ዘታቦር

ጥያቄው በወቅቱ የተነሳ ነው። ነገር ግን «ሕግ የለም» ከሚለው ግምት መነሳት የለብንም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ወይም አገልግሎት ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ የሌላውን ነጋዴ ስም በሐሰት ማጉደፍንም ተገቢ ካልሆኑ የንግድ ውድድር ተግባራት ውስጥ ይመድበዋል። በእኔ አስተያየት ለራሱ ኮከብ የገዛ ነጋዴ ሸማቹን አሳስቷል፤ ለተፎካካሪው ባለ አንድ ኮከብ የገዛው ደግሞ በቀጥታ በዚሁ ክልከላ ሥር ይወድቃል።

ክፍተቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። አዋጁ የተጻፈው ሻጭና ገዢ ፊት ለፊት የሚተያዩበትን ገበያ በማሰብ ስለሆነ፣ በመካከላቸው ቆሞ የሌሎችን ቃል የሚሰበስበውን፣ አማካይ የሚያወጣውን፣ የትኛው አስተያየት ከላይ እንደሚታይና የትኛው ከታች እንደሚቀበር የሚወስነውን አካል በቀጥታ አይነካውም። እርሱ ክፍል አላከራየም፤ ማስታወቂያም አላስነገረም። በቴሌግራም የጻፈልዎ ሰው ደግሞ የንግድ ፈቃድም አድራሻም ስለሌለው በማን ላይ ክስ እንደሚመሠረት እንኳ ግልጽ አይደለም። ለብቻው የነበረው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣንም በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 ሥራው ወደ ንግድና ቀጠናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተጠቃሎ ስለገባ፣ ቅሬታውን ይዞ የሚሄድ ሰው በር የሚያንኳኳው እዚያ ነው።

የአቶቴ ልጅ

ሁለታችሁም የነጋዴውን ስም አስቀድማችኋል። እኔ ደግሞ የከፋዩን ሰው ነገር ላንሳ፤ እንዲህ ያለ ውይይት መጨረሻው ብዙ ጊዜ ደንበኛውን ዝም ማሰኘት ነውና።

ስሙን በማልጠቅሰው ምግብ ቤት ከቤተሰቤ ጋር የዓሣ ጥብስ አዝዘን የቀረበልን የቆየና ዳግመኛ ዘይት የገባ ቆረሶ ነበር፤ ከውጭ ጠቁሯል፣ ከአከርካሪው አጠገብ ያለው ሥጋው ግን ገና ቀዝቃዛ ነው። ይህንኑ ሳልጨምር ሳልቀንስ በሁለት መስመር ጽፌ ሁለት ኮከብ ሰጠሁ። ከተማችን ጠባብ ናትና ባለቤቱ በሰው በሰው ስልኬን አግኝቶ ደወለልኝ፤ «ስሜን አጥፍተሻል፤ ካላነሳሽው በሕግ እጠይቅሻለሁ» አለኝ። አላነሳሁትም። ከዚያ ወዲህ ግን ስለ ማንም ምንም አልጻፍኩም፤ እንደ እኔ የተዉ ብዙዎች እንዳሉም አውቃለሁ። ጠበቃው የጠቀሱት ይኸው አዋጅ ሸማቹ በትሕትናና በክብር የመስተናገድ፣ ከስድብና ከማስፈራራትም የመጠበቅ መብት ይሰጠዋል፤ ከምግብ ቤቱ ከወጣ በኋላ በስልክ የሚደርስበትን ማስፈራሪያ ግን ማንም በዚህ ዓይን ሲያየው አላየሁም።

አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣችው ሕግ፣ ደንበኛው መጥፎ አስተያየት እንዳይጽፍ የሚከለክል ወይም ቢጽፍ የሚያስቀጣ አንቀጽ ነጋዴው አስቀድሞ ባዘጋጀው ውል ውስጥ ቢገባ ፈራሽ እንዲሆን አድርጋለች። የእኛም ጅማሬ ከዚያ ቢሆን እመርጣለሁ፤ መጀመሪያ እውነት የጻፈው ሰው ይጠበቅ፣ ከዚያ ስለ ሐሰተኛው እንነጋገር።

ጠበቃ ዘታቦር

እህቴ ያነሱት ነጥብ ተገቢ ነው፤ የሕጉን አቋም በአጭሩ ልግለጽ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2044 መሠረት በቃልም ሆነ በጽሑፍ ሌላውን ሰው የሚያስጠላ፣ የሚያስንቅ ወይም መታመኑንና ዝናውን የሚያሰጋ ነገር ያደረገ ሰው በስም ማጥፋት ይጠየቃል። ይሁን እንጂ አንቀጽ 2047 የተነገረው ፍሬ ነገር እውነት መሆኑን ያስረዳን ሰው፣ ለመጉዳት ብቻ ብሎ ካላደረገው በቀር፣ ከኃላፊነት ነጻ ያወጣዋል። «ዓሣው ከውስጥ ቀዝቃዛ ነበር» የሚለው ፍሬ ነገር ነው፤ አብረው የበሉት ሊመሰክሩበት ይችላሉ። «ባለቤቱ ሌባ ነው» ቢሉ ግን ሌላ ጉዳይ ይሆን ነበር። ያም ሆኖ ለሁለት መስመር አስተያየት ምስክር ቆጥሮ ፍርድ ቤት የሚመላለስ ሰው ስለማይኖር፣ ማስፈራሪያው ብቻውን ሥራውን እንደሚሠራ አምናለሁ።

የኢኮኖሚክስ መምህር

ኮከብ ለምን እንደሚገዛ መረዳት ቁጥጥሩ የት ላይ ማረፍ እንዳለበት ያሳያል። የሃርቫርዱ ተመራማሪ ማይክል ሉካ የሲያትል ከተማን ምግብ ቤቶች ገቢ «የልፕ» በተባለው የደንበኞች አስተያየት መድረክ ላይ ካላቸው ደረጃ ጋር አነጻጽሮ፣ የአንድ ኮከብ ጭማሪ ገቢን ከ5 እስከ 9 በመቶ ከፍ እንደሚያደርግ አግኝቷል። ይህም የታየው በግለሰብ በተያዙት ምግብ ቤቶች ላይ እንጂ ስማቸው አስቀድሞ በታወቀ ባለ ብዙ ቅርንጫፍ ድርጅቶች ላይ አይደለም። ትልቁ ሪዞርት ስሙ ይሸጥለታል፤ ኮከቡ የሚያነሳውና የሚጥለው እንደ ባለ ማረፊያው ያለውን ነው።

አሁን ሌሎች ያደረጉትን እንይ። የአውሮፓ ኅብረት ከግንቦት 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው መመሪያ፣ የደንበኞችን አስተያየት የሚያሳይ ነጋዴ አስተያየቶቹ በእርግጥ ከተጠቀሙ ሰዎች የመጡ መሆናቸውን ያጣራ እንደሆነና እንዴት እንደሚያጣራ በግልጽ እንዲናገር ያስገድዳል። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ ያዋለው ደንብ ሐሰተኛ አስተያየት መግዛትንም መሸጥንም ይከለክላል፤ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተፈበረከውንም ይጨምራል፤ አውቆ ለፈጸመው ለእያንዳንዱ ጥፋት ከ50,000 ዶላር በላይ ሊያስቀጣ ይችላል። ብሪታንያ ደግሞ ከሚያዝያ 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መድረኮቹ ራሳቸው ሐሰተኛውን ለመከላከልና ለማንሳት ተገቢ እርምጃ የመውሰድ ግዴታ ጥላባቸዋለች፤ ቅጣቱም ከድርጅቱ ዓለም አቀፍ ዓመታዊ ገቢ እስከ 10 በመቶ ይደርሳል። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣችው የጥራት ደረጃ ግን ሲወጣ በፈቃደኝነት የሚተገበር ነበር።

ከእነዚህ ሁሉ ይበልጥ ትምህርት የሚሰጠኝ ግን የፋሽን ኖቫ ጉዳይ ነው። ይህ የአሜሪካ ልብስ ሻጭ በራሱ ድረ ገጽ ላይ አንድም ሐሰተኛ አስተያየት ፈብርኳል አልተባለም። አራትና አምስት ኮከብ የሰጡትን ወዲያው ያትማል፤ ከዚያ በታች የሰጡትን ለጊዜው ያቆያል፣ በዚያው ይቀራሉ። እያንዳንዱ የታተመ ቃል እውነት ነበር፤ ድምሩ ግን ውሸት ነበር። ኮሚሽኑ በጥር 2022 እ.ኤ.አ. 4.2 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ሲያደርገው የተቀጣው በጻፈው ሳይሆን በደበቀው ነው። ለዚህም ነው ሕጉ በአስተያየት ሰጪው ላይ ከማተኮር ይልቅ መዝገቡን በያዘው ላይ ማተኮር አለበት የምለው፤ የተጻፈውንም የተሰወረውንም የሚያውቅ እርሱ ብቻ ነውና።

ሹፌሩ

እስካሁን የተነጋገራችሁት ስለ አልጋና ስለ ዓሣ ነው። እኔ የተመዘንኩት በራሴ ነው።

ወደ ሀዋሳ ተመልሼ ባጃጅ ከመያዜ በፊት በሌላ ከተማ በጥሪ መተግበሪያ ታክሲ እነዳ ነበር። በአንድ የበዓል ዋዜማ የጫንኩት ተሳፋሪ መንገድ ላይ አስቁሞ የገዛውን በግ በኋላ ወንበር ላይ ካላስገባሁ አለ። በጉ ጭቃ የነካው ነው፤ መኪናውም የሰው ነው። እምቢ ስል ሌላ መኪና ጠራና ወረደ፤ ማታውን ነጥቤ ዝቅ አለ። ሌሎችም ተጨማምረው ይሁን በእርሱ ብቻ አላውቅም፤ አንድ ጠዋት መተግበሪያውን ስከፍት «መለያዎ ታግዷል» ይላል። ቢሮአቸው ሄጄ ብጠይቅ የተቀበለችኝ ልጅ በትሕትና «ሲስተሙ ነው» አለችኝ። ማን ምን እንዳለ፣ በየትኛው ጉዞ፣ ስንት ሲደርስ እንደሚታገድ የሚነግረኝ አጣሁ። ተሳፋሪው ተናግሯል፣ መብቱ ነው፤ እኔ ግን ስለ በጉ የምናገርበት ቦታ አልነበረኝም።

ባለ ማረፊያው መጥፎ አስተያየት ቢጻፍበት ከሥሩ መልስ መጻፍ ይችላል። እንግዳ ቢቀንስበትም ማረፊያው አይታሸግም።

ኮድ ጸሐፊ

ወንድማችን ሹፌሩ የነገሩን የጉዳዩ ሥር ይመስለኛል። ዕቃን መመዘንና ሰውን መመዘን በአንድ ዓይነት ኮከብ ቢገለጹም አንድ ነገር አይደሉም፤ ሕጉም ሊለያቸው ይገባል።

በመጀመሪያ የአሠራሩን ጉዳይ ላንሳ። የምዘናው ውጤት በመዛኞቹ ቅንነት ብቻ ሳይሆን ሥርዓቱ በተሠራበት መንገድ ይወሰናል። የማረፊያ ቤት ማከራያ መድረክ የሆነው ኤርቢኤንቢ ቀደም ሲል የአከራይንና የተከራይን አስተያየት እንደመጣ ያትም ስለነበር አንዱ የሌላውን አይቶ አጸፋ ይመልሳል ተብሎ ይፈራ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ግን ሁለቱም እስኪጽፉ ወይም 14 ቀን እስኪያልፍ ድረስ የማንኛቸውም እንዳይታይ አደረገ። የኢንተርኔት መገበያያው ኢቤይም በበቀል ሥጋት ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2008 ሻጮች ለገዢዎች መጥፎ ነጥብ እንዳይሰጡ ከልክሏል። አንዳንድ የአልጋ ማስያዣ መድረኮች ደግሞ በእነርሱ በኩል ይዞ ያደረ ሰው ካልሆነ በቀር አስተያየት አይቀበሉም፤ የካርታ መተግበሪያው ግን ለማንም ክፍት ነው፤ ለባለ ማረፊያው መልእክት የላከው ሰው ገበያ ያገኘውም በዚህ ቀዳዳ ነው። እነዚህ ሁሉ የፕሮግራም ውሳኔዎች ናቸው፤ ሰው የወሰናቸው ስለሆኑም «ሲስተሙ ነው» ብሎ ማለፍ አይቻልም።

የሹፌሩ ዓይነት አቤቱታ አውሮፓ ውስጥ ፍርድ ቤት ደርሷል። የአምስተርዳም ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በሚያዝያ 2023 እ.ኤ.አ. በጥሪ ታክሲ ድርጅቶቹ በኡበርና በኦላ ጉዳይ፣ ሹፌሮች ስለ እነርሱ በኮምፒውተር የተወሰነው ውሳኔ በምን ላይ እንደተመሠረተ የማወቅ መብት እንዳላቸው በአብዛኛው ተቀብሏል። በኋላም በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው የአውሮፓ ኅብረት የመድረክ ሠራተኞች (በመተግበሪያ በኩል የሚሠሩ ሰዎች) መመሪያ፣ መለያ የመዝጋት ውሳኔ በሰው እንዲወሰን ይጠይቃል፤ አባል አገራት እስከ ታኅሣሥ 2026 እ.ኤ.አ. ድረስ ወደ ሕጋቸው ሊያስገቡት ይገባል።

ሁለተኛው ጉዳይ ነጥቡ ከተሰጠበት ቦታ ወጥቶ የሚሄድበት ርቀት ነው። ስለ ቻይና ብዙ ጊዜ የሚወራው እያንዳንዱ ዜጋ አንድ ቁጥር ተሰጥቶታል የሚለው ወሬ የተጋነነ ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው የመንግሥት ዕቅድ ሰፊ ማዕቀፍ ሲሆን፣ እንደ ሮንግቼንግ ያሉ ከተሞች ለነዋሪው 1,000 መነሻ ነጥብ ሰጥተው በጠባዩ ሲጨምሩና ሲቀንሱ ቆይተዋል፤ በአገር ደረጃ ይበልጥ የሚታወቀው ግን የፍርድ ባለዕዳዎች ዝርዝር ነው። በዚያ የተመዘገበ ሰው የአውሮፕላንና የፈጣን ባቡር ትኬት እንዳይቆርጥ ይከለከላል። የአውሮፓ ኅብረት የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሕግ ከየካቲት 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የከለከለው ይህን መሰሉን ነው፤ ሰው በአንድ ቦታ ባሳየው ጠባይ የተሰጠው ነጥብ ግንኙነት በሌለው ሌላ ጉዳይ ላይ እንዳይጎዳው፣ ጉዳቱም ከጥፋቱ እንዳይበልጥ። የበጉ ነገር በታክሲው ይቅር፣ ብድር መጠየቂያው ላይ አይከተለው ማለት ነው።

ይህ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ኢትዮ ቴሌኮም ከዳሽን ባንክ ጋር በ2014 ዓ.ም. የጀመረውን ቴሌብር መላን የመሳሰሉ የስልክ ብድሮች የተበዳሪውን አቅም የሚገምቱት በዋስ ወይም በቤት ካርታ ሳይሆን በስልኩ ባደረገው እንቅስቃሴ ነው። መያዣ ለሌለው ሰው ትልቅ በር ነው፤ አልነቅፈውም። ነገር ግን ነጥብ የሚሰጡት አካላት በበዙ ቁጥር ነጥቦቹ እርስ በርስ የሚገናኙበት ቀን ይመጣል፤ ድንበሩ መሰመር ያለበት ከዚያ በፊት ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ የማየትና የተሳሳተውን የማስታረም መብት ሰጥቶታል፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የሹፌር ነጥብ የግል መረጃ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

የድሮ ሰው

ልጆቼ፣ እኔ ምግብ ቤት የምመርጠው በር ላይ የቆመውን መኪና ብዛት አይቼ ነው። ይህ ሁሉ ሕግ ተጽፎ የሚያስፈጽመው ማን እንደሆነ ግን ማንኛችሁም አልነገራችሁኝም። ካሊፎርኒያ ያለው ድርጅት የሀዋሳን ደብዳቤ ያነበዋል?

ባለ ማረፊያው (ክሩን የከፈተ)

አባታችን የጠየቁት ከባዱን ነው። የውጭውን ድርጅት ማዘዝ አንችል ይሆናል፤ ኮከብ የሚገዛው ነጋዴ ግን ፈቃዱን የሚያሳድሰው እዚሁ ከተማ ነው፤ ክፍያውም በአገር ውስጥ ሒሳብ የሚያልፍ ስለሆነ ዱካው አይጠፋም። የአገር ውስጥ የጥሪ ታክሲ፣ የዕቃ ማድረሻና የብድር መተግበሪያዎች ደግሞ እዚሁ የተመዘገቡ ናቸው። ስለዚህ ከተነሱት ሐሳቦች ተነስቼ ለከተማው ንግድ መሥሪያ ቤት ማመልከቻ ለማርቀቅ አስቤአለሁ። ይዘቱም ኮከብ መግዛትና መሸጥ በአዋጅ 813 የተከለከለ ማሳሳት መሆኑ ለነጋዴዎች በጽሑፍ እንዲገለጽ፣ ደንበኛን በአስተያየቱ ምክንያት ማስፈራራት በዚያው አዋጅ ጥፋት ተደርጎ እንዲታይ፣ የአገር ውስጥ መድረኮችም የደበቁትንና ያነሱትን አስተያየት ከነምክንያቱ እንዲመዘግቡ የሚጠይቅ ይሆናል። አስተያየት የሚጽፍ ሁሉ በመታወቂያ ይመዝገብ የሚል ሐሳብም መጥቶልኝ ነበር።

የአቶቴ ልጅ

የመጨረሻው እንዳይገባ አጥብቄ እቃወማለሁ። ስሜ ባይታወቅ ኖሮ ያ ሰው ባልደወለልኝ ነበር። መድረኩ መብላቴን በደረሰኝ ያጣራ፤ ስሜን ግን ለባለቤቱ አያሳይ። ሁለቱን ማድረግ ይቻላል።

ባለ ማረፊያው (ክሩን የከፈተ)

ተቀብያለሁ፤ አይገባም።

ጠበቃ ዘታቦር

ማመልከቻውን ለማየት ፈቃደኛ ነኝ፤ አንድ ማሳሰቢያ ግን አለኝ። የሰው ነጥብ ጉዳይ ለንግድ መሥሪያ ቤት የሚቀርብ አይደለም፤ በአዋጅ 1321 መሠረት ለኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በተለየ ጽሑፍ መቅረብ አለበት። ሁለቱን በአንድ ወረቀት ካጨቅናቸው እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት «የእኛ አይደለም» ብሎ ወደ ሌላው ይመራዋል። ወንድማችን ሹፌሩም ከሁሉ አስቀድመው መለያቸውን ለዘጋው ድርጅት በጽሑፍ ጥያቄ ያቅርቡ፦ የተሰጡኝን ነጥቦች ከነቀናቸው፣ የታገድኩበትን ምክንያት፣ የወሰነውን ሰው ወይም አሠራር አሳውቁኝ ብለው። ግልባጩንና የተቀበሉበትን ማኅተም ይያዙ። እምቢታው በእጅ ካልተያዘ አቤቱታው መነሻ የለውም።

ሹፌሩ

ጽፌ ማክሰኞ በዘመድ እልካለሁ። መለያውን ቢመልሱልኝም አልመለስም፤ ባጃጁ ይበቃኛል። ስንት ሲደርስ እንደሚታገድ ግን እዚያ የቀሩት ልጆች እንዲያውቁት እፈልጋለሁ።